ሐሙስ የተፈረመ ወረቀት

ፋሲካ እሑድ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ግቢ፣ ሦስት አስከሬን ወጣ።

ሦስቱም አናጢዎች ነበሩ፤ የአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሰዎች። እሑድ አንድ ጠርሙስ አረቄ ከበው ጾም ፈቱ። ሰኞ "ዓይናችን ጉም ለበሰ" አሉ። ማክሰኞን አላዩም።

ዘመኑ 2014 ነው፤ መቐለ የተከበበችበት። መብራት የለም፣ ነዳጅ የለም፣ መድኃኒት የለም። መርማሪ እንኳን በእግሩ ነበር የሚሄደው። መዝገብ ተከፈተ፤ ሁለት ቅጠል ወረቀት ገባበት፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ተኛ።

አራት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው፣ ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ያ መዝገብ ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ እጅ ገባ።

ሠርክአዲስ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ጨዋታ ትወዳለች፤ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ትወዳለች፤ መቸኮል ግን አትወድም። ባልደረቦቿ "ሠርክአዲስ ሌባ ስታባርር ሌባው ደክሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል" እያሉ ይተርቧታል። እሷም አብራ ትስቃለች። "ቁጭ ካለማ ያዝኩት ማለት ነው" ትላለች።

አዛዡ ግን ሌላ ሰው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ማንም የነገረው አይመስልም።

"ይሄ ያለቀ ነገር ነው" አላት ሰኞ ጠዋት። "ሰውየው ፈርሟል። ሐሙስ ለዐቃቤ ሕግ ታስረክቢያለሽ።"

ወረቀቱ አጭር ነው። በእጅ የተጻፈ። "እኔ ኸድር ይማም፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሃያ ሊትር ስፒሪት ለግል ጉዳዬ ከመጋዘን ማውጣቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።" ቀኑ ሚያዝያ 13፣ ከፋሲካ በፊት ያለው ሐሙስ ነው። ከሥር፣ በፊርማው ቦታ፣ የኸድር ሙሉ ስም ተጽፏል።

ስፒሪት የሚሉት አናጢዎች ቫርኒሽ የሚያቀጥኑበትን ነገር ነው። ሽታው አረቄ አረቄ ይላል። አረቄ ግን አይደለም፤ ሜታኖል ነው፤ መርዝ ነው።

የዚያው ሥራ ቤት ንብረት ጠባቂ ኸድርም በዚያው ሰሞን ታሞ ነበር። እሱ ግን ተረፈ። የሰፈሩ ወሬ ታዲያ ቀላል ነበር፦ ይሄ ወሎዬ ሙስሊም ነኝ ይላል፣ ተደብቆ ይጠጣል፤ ራሱም ጠጣ፣ ጓደኞቹንም አጠጣ፣ ገደላቸው።

ኸድር በማግስቱ መጣ። መጣ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ሚስቱ ሁሪያ አመጣችው። አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ እግሩ ወለሉን እየጠረገ ገባ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አረማመዱ የሰባ ነው።

ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አይንቀሳቀስም። ሠርክአዲስንም ፊት ለፊት አያያትም፤ አንገቱን ዘወር አድርጎ ግድግዳውን ያያል።

"ኸድር፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የኔ አማርኛ የመቐለ ነው። ካልገባህ ድገሚልኝ በል።"

"ይገባኛል።" ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ሊቀር ምንም አልቀረው።

"ስፒሪቱን ከበርሜል የቀዳው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለማን?"

"ለጤና ጣቢያ… ለእጅ ማጽጃ ነው ብለውኝ። ኣይተ ኣባዲ።"

ኣባዲ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ነው። ቃሉ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ወረቀቱንም ለፖሊስ የሰጠው እሱ ነው።

"ኣይተ ኣባዲ እኔ አላዘዝኩም ብለዋል።"

"ረስተውት… ይሆናል። ደግ ሰው ናቸው። ሆስፒታል በጋሪ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።"

"ጠጥተሃል?"

"ወላሂ አልጠጣሁም።"

"ታዲያ እንዴት ታመምክ?"

"በጎማ በአፌ ስስብ ገባብኝ። ዓርብ ዕለት። ረመዳን ነበር… ጾመኛ ነበርኩ።"

በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ፈገግ አለ።

"ሟቾቹስ ከየት አገኙት?"

ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በግራው ያዘው።

"ቅዳሜ ዓይኔ ተጋረደብኝ። እየተንገዳገድኩ ነው ቤት የገባሁ። መጋዘኑን መቆለፌን አላስታውስም። ክፍት ትቼው… ገብተው ወስደዋል ማለት ነው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም። የገበያ ዋጋ የሚናገር ይመስል ነበር። ሠርክአዲስ ወረቀቱን ሰጠችው። አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ጎን አዘነበለው።

"ፊርማው ያንተ ነው?"

"ስሜ ካለበት የኔ ነው። ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ… የሆስፒታል፣ የእርዳታ።"

ሲወጣ ወጣቱ ፖሊስ ራሱን ነቀነቀ። "አየሽው? ገደልኳቸው ሲል እንኳን ፊቱ ድንጋይ ነው። ደግሞ ሰው ዓይን ማየት ይፈራል። ጥፋተኛ ካልሆነ ምን ያስፈራዋል?"

ሠርክአዲስ ወረቀቱን ማኅደሩ ውስጥ መለሰች። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ፊት እሷንም አስፈርቷት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሁሪያ የባሏን ሸሚዝ ቁልፍ ታስተካክላለች። ሠርክአዲስን ስታይ ጠጋ አለች።

"እህቴ፣ ብታስሩት ማን ያጎርሰዋል? ውሃ በማንኪያ ነው የምሰጠው፤ በብርጭቆ ከጠጣ ያንቀዋል። ሌሊት ራሱ አይገለበጥም፣ እኔ ነኝ የማገላብጠው። እስር ቤት አንድ ወር አይቆይም እኮ። ይሞትብኛል።"

"ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ገና ምንም አልተወሰነም።" ሠርክአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። "አንቺስ ታምኚዋለሽ? አልጠጣሁም ሲል?"

ሁሪያ የሻሽዋን ጫፍ ጠመዘዘች።

"ባሌ ነው" አለች በመጨረሻ።

ሠርክአዲስ ይህ መልስ እንዳልሆነ ገባት። አንጀቷን በላት። አራት ዓመት ባሏን በማንኪያ ያጠጣች ሴት፣ ያንን አንድ ጥያቄ ለራሷም ሳትመልስ ነው የኖረችው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሠርክአዲስ ከጠርሙሱ ጀመረች።

ከሟቾቹ አንዱ ሀይሉ ይባል ነበር። ሚስቱ እታለም ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሠርክአዲስን ያገኘቻት እርጥብ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነው። ሁለቱም በትግርኛቸው ያወሩ ጀመር።

"ያንን ጠርሙስ ከየት አመጣው?"

"ቅዳሜ ማታ ይዞት መጣ። የቁሓ አረቄ ነው አለኝ። ሦስት ሆነው እሑድ እኔው ቤት ነው የከፈቱት። ለኔም ቀዱልኝ፤ ልጅ አጠባ ስለነበር ተውኩት።" እታለም አንሶላውን አራገፈችው። "አንድ ሲኒ ነበር የቀዱልኝ።"

"ሽታው ትዝ ይልሻል?"

"እንዴት ይረሳኛል? እንስላል ነበረው። ደስ የሚል። ሀይሉ 'የሠርግ አረቄ' አለው።"

"ስለ ኸድርስ?"

እታለም መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። "ሲጸልይ የማየው ሰው ነበር። አራት ዓመት ረገምኩት። መንገድ ላይ ሳየው እንኳን አይደነግጥም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈኝ። ልብ የለውም።"

ሠርክአዲስ በዚያው ባጃጅ ይዛ ከመቐለ ወጣ ብላ ወዳለችው ቁሓ ወረደች። በዚያን ጊዜ አረቄ በመሸጥ የታወቀችውን ሴትዮ አሁን ሻይ ስትሸጥ አገኘቻት። ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች።

"በዚያ ፋሲካ? ለልጆቼ ቂጣ የሚሆን እህል አጥቼ ነው አረቄ የማወጣው? በዚያ ዓመት ቁሓ ውስጥ አረቄ ጠጣሁ የሚል ሰው ካለ፣ በሕልሙ ነው።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ቢሆንም ሠርክአዲስ ባዶ እጇን አልተመለሰችም። በመንገዷ ሁሉ ስለ እንስላሉ ታስብ ነበር። ክፍት መጋዘን አግኝቶ ስፒሪት የሰረቀ ሰው፣ ሰርቆ ይጠጣል እንጂ ተቀምጦ በእንስላል አያጣፍጥም። ይህን ነገር አንድ ሰው እሳት ላይ ጥዶታል። ተጨንቆበታል። ስሙንም "የቁሓ አረቄ" ብሎ አውጥቶለታል።

ረቡዕ ጠዋት ሼኅ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄደች። ሁሪያ ናት የላከቻት፤ "ያን ዓርብ ሼኁን አናግሬያቸው መጣሁ ብሎኝ ነበር" ብላ። ሼኁም የወሎ ሰው ናቸው፤ መቐለ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ከመስጊዱ በር አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ኸድር? እንዴታ፣ አስታውሳለሁ። ረመዳን ሃያ አንድ ነበር። ዓርብ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። መስጊድ አልገባም ብሎ እዚህ በር ላይ ቆመ። ግባ እንጂ ብለው፣ 'ከአፌ የሚሸት ነገር አለ፣ አፈርኩ' አለኝ።"

"ምን ጠየቀዎት?"

"በጎማ ፈሳሽ ሲስብ ወደ ሆዱ እንደገባ። አንድ ሁለት ጉንጭ። ጾሜ ፈረሰ ወይ አለኝ። ሳታስበው የገባ አያፈርስም፤ ልብህን ከከበደው ግን አንድ ቀን ቀዷ ታወጣለህ፣ በምትኩ ትጾማለህ አልኩት።"

"አወጣው?"

ሼኁ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። "በማግስቱ ወደቀ እኮ፣ ልጄ። ያቺ ቀን ዕዳ ሆና ቀረችበት። አሁንም ሲያገኘኝ ስለሷ ነው የሚጠይቀኝ።"

ሠርክአዲስ ማስታወሻዋን ዘጋች። ዓርብ! አናጢዎቹ ጠርሙሱን የከፈቱት እሑድ ነው። የሰከረ ሰው ሰበብ ይፈጥራል፤ ገና ሳይታመም፣ ገና ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይጠይቀው ግን ሼኅ ፊት ቆሞ ስለ አንድ ቀን ጾም አይጨነቅም። ደግሞም አረቄ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ምን እንደዋጠ በምን ያውቃል? ጠጪ ቢሆንማ ገና ምላሱን ሲነካው ይተፋው ነበር።

ቢሆንም ወረቀቱ አለ። ሼኁ መጠጣቱን ያፈርሳሉ፤ ፊርማውን ግን አያፈርሱትም። ነገ ደግሞ ሐሙስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኸድርንና ሁሪያን ይዛ ወደ ዶክተር ልደቱ ሄደች። ልደቱ የጎጃም ልጅ ነው፤ የነርቭ ሐኪም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ትግርኛው አሁንም ያስቃል፣ እሱም ያውቃል። ኸድርን ወንበር ላይ አስቀምጦ እጁን አጠፈ፣ ዘረጋ። ጣቱን ከፊቱ አቆመ።

"ጣቴን ታየዋለህ?"

"አላየውም።"

ጣቱን ወደ ጎን አራቀው። "አሁንስ?"

"አሁን አየሁት።"

ዶክተሩ ወደ ሠርክአዲስ ዞረ። "ፊት ለፊቱ ያለው ጠፍቶበታል። የሚያየው በዳር በዳር ነው። አንቺን ማየት ከፈለገ ከአንቺ ዞር ማለት አለበት።"

ሠርክአዲስ ያንን ዘወር ያለ አንገት አስታወሰች። ለካ እያያት ነበር። ካሉት ሰዎች ሁሉ አብልጦ ሊያያት ሲጥር ነበር።

"ፊቱስ?"

"ሜታኖል ዓይን ብቻ አይደለም የሚነካው። አእምሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዘው ቦታ አለ፤ እሱን አቃጥሎታል። እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ድምፁ የጠፋው፣ አረማመዱ የተጎተተው ለዚህ ነው። ፊቱም ያው ጡንቻ ነው፤ ትእዛዝ አይደርሰውም። ውስጡ ግን ደህና ነው። ያዝናል፣ ይደሰታል፣ ይናደዳል። እኛ ነን የማናየው።"

ሁሪያ ድንገት ተናገረች። "እኔ አየዋለሁ።"

"እንዴት?"

"ሲከፋው ትንፋሹ ያጥራል።"

ዶክተሩ እስክሪብቶና ወረቀት ኸድር እጅ ላይ አደረገ። "ሙሉ ስምህን ጻፍልኝ፣ ወንድሜ። ቀስ ብለህ።"

ኸድር ጻፈ። የመጀመሪያው ፊደል የጣት ጥፍር ያህል ነበር። ሁለተኛው አነሰ። ሦስተኛው ይበልጥ አነሰ። የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ፊደሎቹ የጉንዳን ሰልፍ መስለው፣ ከመስመሩ ወርደው፣ "ም" ላይ ነጥብ ብቻ ቀረ።

ሠርክአዲስ ከወንበሯ ተነሣች። ከማኅደሩ ውስጥ ያን ወረቀት አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። ያው ጉንዳን፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው ነጥብ።

"ዶክተር፣ እንዲህ ያለ እጅ ከበሽታው በፊት ይኖራል?"

"በጭራሽ። ይሄ የበሽታው ምልክት ነው፤ ጽሕፈት ያኮሰምናል። እንዲያውም ወዲያው አይመጣም። ከተመረዘ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚጀምረው።"

"በሚያዝያ የተመረዘ ሰው?"

"ግንቦት መጨረሻ፣ ሰኔ።"

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሚያዝያ 13 ነው። ኸድር ስፒሪቱን የዋጠው ሚያዝያ 14 ነው። ሐሙስ ዕለት ኸድር ጤነኛ ሰው ነበር።

"ኸድር፣" አለች ሠርክአዲስ፣ "ከታመምክ በኋላ ማን ነው ወረቀት ያስፈረመህ? ቤትህ መጥቶ?"

"ብዙ ሰው…"

"ኣይተ ኣባዲ?"

"እሳቸውማ… አንዴ መጥተው። ሰኔ ላይ። የአካል ጉዳተኛ እርዳታ ነው ብለውኝ። ጣቴን ይዘው ቦታውን አሳዩኝ። ዱቄትም ይዘው ነበር የመጡት።"

ሁሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሐሙስ ጠዋት ሠርክአዲስ አዛዡ ቢሮ አልገባችም። የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች።

ኣባዲ ስድሳ የተጠጋ፣ ሽበቱ የሚያምር፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ወንበር አራገፈላት። ሻይ ላዘዝልሽ አላት። እሷ ግን መጀመሪያ መጋዘኑን ማየት ፈለገች።

መጋዘኑ ውስጥ የቆርቆሮ ጣሳ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፦ ሚስማር ስድስት፣ ሚስማር ስምንት፣ ማጠፊያ፣ ኮላ። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ የሚነበብ።

"የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኸድር ነው። ምስኪን። ጎበዝ ልጅ ነበር። እንደሱ ያለ ንብረት ጠባቂ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።"

"መቼ ነው የጻፈው?"

"ከመታመሙ በፊት ነዋ፣ ሓፍተይ። ጣሳዎቹ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ እዚህ ናቸው።"

ሠርክአዲስ አንዱን ጣሳ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱን ዘረጋች። ትናንት ዶክተሩ ዘንድ የተጻፈውን ስም ከጎኑ አደረገች።

"ኣይተ ኣባዲ፣ ይሄን ይዩልኝ። ጣሳው የጤነኛ እጅ ነው። ይሄ ትናንት የጻፈው ነው። ይሄ ደግሞ የርስዎ ወረቀት። የቱን ይመስላል?"

ኣባዲ መነጽሩን አደረገ። አየ። መነጽሩን አወለቀ።

"ሐሙስ ተፈረመ ይላል" አለች። "ሐሙስ ኸድር ጣሳ ላይ እንደሚጽፈው ይጽፍ ነበር። ይሄ የሰኔ እጅ ነው። ሰኔ ላይ ዱቄት ይዘው ሄደው፣ ማየት የማይችል ሰው ጣት ይዘው ነው ያስፈረሙት።"

"ኢንስፔክተር…"

"እንስላሉንስ ከየት አገኙት? በዚያ ዘመን?"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የኣባዲን ሆድ ያወጣው ግን እንስላል ነው። ሰውየው የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ አለ፤ ወንበሩ አጠገቡ እያለ።

"ሚስቴ አስቀምጣው ነበር" አለ። "ለልጃችን ሠርግ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሳትጠይቀው። ባንክ ተዘግቶ ነበር። ሥራ ቆሞ ነበር። ሦስቱ አናጢዎች ያለ ሥራ እንኳን በየቀኑ እየመጡ ግቢውን ይጠብቁለት ነበር። ፋሲካ ደረሰ፤ አንዲት ዶሮ፣ አንድ ኪሎ ቅቤ ሊሰጣቸው አልቻለም። ባዶ እጃቸውን መስደድ አፈረ። የነበረው በርሜል ስፒሪት ብቻ ነው፤ ለጤና ጣቢያ ነው ብሎ ኸድርን አስቀዳው።

"በርሜሉ ላይ የራስ ቅል ምልክት አልነበረም?"

"ነበረ። ቫርኒሹም ላይ አለ፣ ኮላውም ላይ አለ። ለምጄዋለሁ። መርዙ ሲፈላ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። አፈላሁት፣ አጣራሁት፣ እንስላል ጨመርኩበት። ከዚያ በክብሪት ሞከርኩት፤ እንደ ጥሩ አረቄ ሰማያዊ ነደደ። አባቴም አረቄ የሚፈትነው እንዲያ ነበር።"

"እርስዎስ ቀመሱት?"

"ጨጓራዬ አይችልም።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ጠርሙሱን ስሰጠው ሀይሉ ግንባሬን ሳመኝ። የቁሓ አረቄ ነው ብዬ ዋሸሁት፤ ስፒሪት ነው እንዳልል አፍሬ። ማክሰኞ የሆነውን ስሰማ ልሞት ነበር። በኋላ መርማሪ መጣ፣ መጋዘኑን ጠየቀ። ፈራሁ። ኸድር ደግሞ መናገር አቅቶት ነበር። ዘመድ የለው፣ አገሩ ሩቅ። የሚሞት መሰለኝ። ለሞተ ሰው ምን ይከብደዋል ብዬ…"

"አልሞተም እኮ።"

"አልሞተም" አለ ኣባዲ። "በየበዓሉ ዱቄት ይዤ ስሄድ፣ አላህ ይስጥልኝ ይለኛል።"

ሠርክአዲስ ብዙ ወንጀለኛ ይዛለች፤ እንዲህ ያሳዘናት የለም፤ እንዲህም ያናደዳት የለም። ሦስቱን የገደለው አለማወቅ ነው። አራተኛውን ግን አውቆ ነው የቀበረው፣ ገና እየተነፈሰ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ለመሄድ ሲነሡ። "ቅዳሜ ዕለት መጋዘኑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?"

ኣባዲ ግራ ገባው። "ዝግ ነበር። ሁለቱንም ቁልፍ ቆልፎታል። በራሴ መክፈቻ ነው የገባሁት።"

ከሰዓት በኋላ፣ ኣባዲ ቃሉን ከሰጠ በኋላ፣ ሠርክአዲስ መጀመሪያ እታለም ዘንድ ሄደች። እታለም ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች። አላለቀሰችም። ኸድር የት ነው የሚኖረው ብላ ብቻ ጠየቀች፤ እሑድ እሄዳለሁ አለች።

ከዚያ ወደ ኸድር ቤት ሄደች። አንዲት ክፍል ናት። ኸድር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሁሪያ ሾርባ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ሠርክአዲስ በርጩማ ስባ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እንዲያያት ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ። ጥቂት በጥቂት ነገረችው። ክሱ እንደቀረ። ማንም እንደማይወስደው። ኣባዲ ምን እንዳደረገ።

ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። ሠርክአዲስ ግን አሁን ፊቱን አልጠበቀችም። ትንፋሹን አዳመጠች።

"በሩስ?" አለ ኸድር።

"የቱ በር?"

"የመጋዘኑ።"

"ቆልፈኸዋል። ሁለቱንም ቁልፍ። ኣባዲ ራሱ መስክሯል።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም፣ ሓወይ።"

ትንፋሹ ረዘመ። ከዚያ እንባው መጣ፤ በዚያ ዝም ባለ ፊት ላይ ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ። አላበሰውም። አራት ዓመት ሙሉ ሦስት ሰው በላዩ ላይ ተሸክሞ ነበር፤ አሁን አወረዳቸው።

ሁሪያ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። ተንበርክካ ጉልበቱን ያዘች። ሠርክአዲስ መውጣት እንዳለባት ገባት፤ እግሯ ግን እምቢ አላት።

"ኸድሬ" አለች ሁሪያ። "ሼኁ የነገሯትን ኢንስፔክተሯ ነገረችኝ። እኔ… ጠጥተህ መስሎኝ ነበር። ባላወራውም መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ከልቤ አላመንኩህም። አፉ በለኝ።"

ኸድር ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ሁሪያ ጠበቀች። ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ፤ አሁንም ጠበቀች።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ስተኛ… ሌሊት እየመጣሽ አፌን ታሸቺ ነበር።"

ሁሪያ አንገቷን ደፋች።

"እኔም" አለ ኸድር ቀስ ብሎ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየጎተተ፣ "በደንብ እንድታሸቺ… አፌን ከፍቼ እተኛ ነበር።"